የልብ ሕመምተኛ ሐዘን የኢማን ድክመት ነውን?



ውድ አንባቢ ሆይ! ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችው አንዲት አጭር ንግግር ናት። የተናገርኳት እኔ ነኝ፤ የሰማት ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። «ጋሼ፣ አንተኮ ኢማንህ ደክሟል» አልኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እስካሁን ድረስ ስለዚያች ንግግር ራሴን እጠይቃለሁ። ምክር ነበረች ወይስ በደል?

ወንድሜ በሀደሮ ገበያ ዝንጅብል ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ለሰደቃ እጁ የማያጥር፣ ለሱብሒ ሶላት ጎረቤቱን ቀስቅሶ የሚሄድ ነበር። የደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ብዙ ዓመት ቆየ። ግፊት ድምፅ የለውም፤ ሰውየው ጤነኛ ነኝ እያለ ውስጥ ለውስጥ ልቡን ያደክመዋል። አንድ ክረምት ላይ እግሩ አበጠ። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ቀጥሎም በጀርባው መተኛት አቃተውና ሦስት ትራስ ደርቦ ቁጭ እንዳለ ማንቀላፋት ያዘ። ሆስፒታል ተወስዶ ሲመረመር የልቡ ደም የመግፋት ኃይል መድከሙ ታወቀ። ሐኪሞቹ በሰውነቱ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣና ልቡን የሚያግዝ ኪኒን ሰጥተው፣ ጨው ቀንስ ብለው፣ የቀጠሮ ወረቀት አስይዘው ሸኙት።

እብጠቱ ጎደለ። ትንፋሹም ተመለሰ። ወደ ቤት የመጣልን ሰው ግን ሌላ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ዘያሪ ሲመጣ የተኛ ይመስላል። ባለቤቱ ያቀረበችለትን ምግብ ሁለቴ ጎርሶ ይመልሳል። ሌሊት ሌሊት ተነሥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጥና ሁለት ጣቱን አንገቱ ሥር አድርጎ የልቡን ምት ይቆጥራል። ምቱ ሲፈጥን ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ምቱ ይፈጥናል። መስጂድ መምጣቱንም ተወ። አዛን ሲሰማ ያለቅሳል እንጂ አይነሣም።

እኔ ለልጆች ቁርኣን የማስቀራ ሰው ነኝ። ሰዎች «ኡስታዝ፣ ወንድምህ ምን ነካው? ከጀማዓ ጠፋኮ» ሲሉኝ አፍር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያችን ንግግር ያናገረኝ ለእርሱ ማዘኔ ብቻ አልነበረም፤ እፍረቴም ነበረበት።

እርሱ አልመለሰልኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን የተሻለው መሰለ። ዘያሪ ሲመጣ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ጮክ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ይስቃልም። ምክሬ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ እግሩ እንደገና አበጠ። ባለቤቱ ልታጥብለት ኮቱን ስትፈትሽ ኪሱ ውስጥ ሳይዋጡ የቀሩ ኪኒኖች በላስቲክ ተቋጥረው አገኘች።

በዚያው ሰሞን ዒድ ነበርና የእህታችን ልጅ ከሚሠራበት አገር መጣ። ጤና መኮንን ነው። አጎቱን ደግፎ ከጓሮ አቮካዶው ዛፍ ሥር አስቀመጠውና ሁለት ጥያቄ ጠየቀው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች ደስ አይሉህም? ልብህ ይከፋል፣ ተስፋ ታጣለህ? ወንድሜ ለሁለቱም ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ቀጥሎ «አጎቴ፣ ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ?» ሲለው እኔ አጠገባቸው ቆሜ ደነገጥኩ፤ ይህ ለአንድ ሙስሊም ሽማግሌ የሚቀርብ ጥያቄ ነው እንዴ ብዬ ልገሥጸውም ከጅሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን መሬት መሬት እያየ «በየሌሊቱ» አለ።

አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። እንዳላውቅ ያደረገችውም ያችው ንግግሬ ናት። ሐዘኑን ኃጢአት አድርጌ ስለነገርኩት ደበቀው፤ የደበቁት ሕመም ደግሞ አይታከምም።

ልጁ ያን ዕለት ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ያስረዳኝን፣ በኋላም ከርሱ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን እዚህ ላይ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ልባቸውን ከታመሙ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ባለሙያዎች ዛሬ ድባቴ በሚሉት ከባድ ሐዘን ወይም በጭንቀት፣ አልያም በሁለቱም ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተይዘው ከሞት የተረፉ 222 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። በሆስፒታል ሳሉ ድባቴ የታየባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ካልታየባቸው ይልቅ በብዙ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህም ልባቸው በደረሰበት ጉዳት መጠን ብቻ የሚገለጽ አልነበረም።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ያዘነ ሰው ኪኒኑን ይተዋል፣ ቀጠሮውን ይረሳል፣ አይንቀሳቀስም፣ እንቅልፍ ያጣል። ወንድሜ ጋ የሆነው ይኸው ነው። ከዚያም በላይ ፍርሃትና ትካዜ በደም ውስጥ የሚለቋቸው ቅመሞች የልብን ምት ያፋጥናሉ፤ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋሉ። የደከመ ልብ ላይ ሸክም መጨመር ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ የሁለቱ ሕመሞች ምልክት መመሳሰሉ ነው። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህ ሁሉ ከልቡም ሊመጡ ይችላሉ፣ ከጭንቀቱም። ስለዚህ ቤተሰብ በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንዳንዱ ሰው በድባቴ ደቅቆ ሳለ «ልቡ ነው፣ ተዉት ይረፍ» ይባላል። ሌላው ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ላብ እያሰመጠው «ጭንቀቱ ነው፣ ቁርኣን ቅሩበት» ይባላል። ይህኛው ስሕተት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገድላል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አዲስ የደረት ሕመም ወይም ከባድ የትንፋሽ ማጠር በመጣበት ቁጥር መጀመሪያ ልቡ ይታይ። ቁርኣኑን መኪናው ውስጥ ይቅሩበት።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ልቦች በአላህ ዝክር እንደሚረጉ ቁርኣን ነግሮን የለምን? ታዲያ በዝክር ያልረጋ ልብ ጉድለቱ ከዝክሩ አይደለምን? እኔም ወንድሜን የተናገርኩት ይህን ይዤ ነበር። አንቀጹን ከሱረቱ ረዕድ ልጆችን የማስሐፍዘው እኔ ነኝና።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ታሪክ አለ። ነቢይ ነው፤ የነቢይ ልጅ፣ የነቢይም አባት ነው። በዩሱፍ ምክንያት ያዘነው ሐዘን ዓይኖቹ ነጭ እስኪሆኑ አደረሰው። ልጆቹ ወቀሱት። እርሱም ጭንቀቱንና ሐዘኑን ለአላህ ብቻ እንደሚያሰማ መለሰላቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ሲተርክልን ያዕቆብን ኢማኑ ደክሟል ብሎ አልወቀሰውም። ይልቁንም በታሪኩ ውስጥ ወቃሾቹ ናቸው ተሳሳቾቹ። ለካስ እኔ የቆምኩት በወንድማማቾቹ በኩል ኖሯል!

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃንና አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት የሐዘን ዓመት ተብሎ ሲጠራ ይኖራል። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። በዱዓኣቸውም ከሀምና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዑለማዎች ሁለቱን ሲለዩ ሐዘን ባለፈው ነገር የሚመጣ ነው፣ ሀም ደግሞ ገና ለሚመጣው ልብን የሚይዝ ጭንቀት ነው ይላሉ። የልብ ሕመምተኛ ሁለቱም አሉበት። ለተወሰደበት ጉልበት ያዝናል፤ ለሚመጣው ሌሊት ይጨነቃል። ሰው ከበሽታ በአላህ እንደሚጠበቅ ሁሉ ከእነዚህም ይጠበቃል። እንግዲህ ከበሽታ የተጠበቀ ሰው ቢታመም ኃጢአተኛ አንለውም። በሀምና በሐዘን የተያዘውንስ ለምን እንለዋለን?

ተስፋ መቁረጥን በተመለከተ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዳለ አልዘነጋሁም። ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ በእምነት የሚያዝ ነገር ነው። ነገር ግን አላህ አይምረኝም ብሎ የሚያምን ሰውና፣ አላህ መሐሪ እንደሆነ እያመነ ጠዋት ከአልጋው መውረድ ያቃተው ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እምነቱን አልካደም፤ አቅሙን ነው ያጣው። እግሩ የተሰበረውን ሰው ለሶላት ቁም እንደማንለው ሁሉ ይህንንም ማየት ነበረብን። ወላሁ አዕለም።

አንድ ሐዲስ አለ፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ተነጋግረውበታልና የማነሣው ለሕግ ሳይሆን ለማስታወስ ነው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው ሄደው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ፤ ሰዕድም ቅዝቃዜው ልባቸው ድረስ ተሰማቸው። ከዚያም ነቢዩ ልብህን የታመምክ ሰው ነህ አሏቸውና ሕክምና ወደሚያውቀው የሠቂፍ ሰው፣ ወደ ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ ነገሯቸው። ልቡን ለታመመ ሰው የገባው ቃል በዐረብኛው «መፍኡድ» ነው፤ ፉኣድ ከሚለው የወጣ።

ይህንኑ ፉኣድ የሚለውን ቃል ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት፣ ሰነዱም በጸናው በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ውስጥ እናገኘዋለን። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሾርባ ነው። እናታችን ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ሴቶቹ ተሰብስበው ከተበተኑ በኋላ ይህን ያሠሩ ነበር። ነቢዩ የታመመውን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑም ከፊሉን እንደሚያስወግድ ሲናገሩ ሰምተዋልና። እኛ አገር አጥሚት የምንለው የርሱ ዘመድ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ! ሐዘን በጎድጓዳ ሳህን ተቀድቶ በሚጠጣ ነገር እንደሚቀል የተነገረው በማን አንደበት እንደሆነ አስተውል። ለሐዘን መድኃኒት መውሰድ ተወኩልን ይፃረራል የሚል ሰው ካለ ይህን ሐዲስ ምን ሊያደርገው ነው?

ቀደምት ሊቃውንቶቻችንም ይህን አውቀውታል። አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ322 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ ሰው ናቸው። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘ መጽሐፋቸው የሰውነትንና የነፍስን ጤና አንድ ላይ አቅርበው፣ ነፍስን ትተው ገላን ብቻ የሚያክሙትን ሐኪሞች ነቅፈዋል። ሐዘንንም ሁለት አድርገው ከፈሉት፤ ምክንያቱ የሚታወቅ አለ፣ ምክንያቱ የማይታወቅና መነሻው ከሰውነት የሆነም አለ። ሁለተኛውን በምክር ብቻ ሳይሆን በሰውነት ሕክምናም መርዳት ይገባል ብለዋል። ኢብኑ ሲና ደግሞ በ428 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ ናቸው፤ ስለ ልብ መድኃኒቶች ብቻ አንድ ድርሳን ጽፈው በውስጡ ደስታና ሐዘን ከልብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት አትተዋል። እኛ ግን ከሺህ ዓመት በኋላ ያለን ሰዎች የተጨነቀ ሰው ስናይ አንዳንዴ «አማኑኤል ይውሰዱት» ብለን እናላግጣለን። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል የስንት ቤተሰብ እንባ የታበሰበት ቦታ መሆኑ ተረስቶ ስሙ ስድብ ሆኗል።

ሩቅያን በተመለከተ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ሸሪዓዊ ሩቅያ ሐቅ ነው፤ እኔም ወንድሜ ላይ እቀራለሁ። ነገር ግን ገንዘብ ተቀብሎ «ጂን ነው፣ ኪኒኑን ጣል» የሚል ሰው የደከመ ልብ ያለውን ሰው እየገደለ ነው። ይህን በግልጽ መናገር የእኛ የአስቀሪዎች ግዴታ ነው፤ ሐኪም ቢናገረው የማይሰሙ አሉና። ጫትም እንዲሁ። ጭንቀቴን ያስረሳኛል ብለው የሚቅሙ የልብ ሕመምተኞች አሉ። ጫት የልብን ምት የሚያፋጥንና ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ይነሣል። የተጨነቀ ልብን በጫት ማስታገስ እሳትን በጋዝ እንደማጥፋት ያለ ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስና፣ ከእውነቱ በላይ ተስፋ መስጠትም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ፣ 2481 የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ነበር። በንግግር ሕክምና፣ ለአንዳንዶቹም ከኪኒን ጋር፣ ድባቴያቸው የታከመላቸው ሰዎች ሐዘናቸው በመጠኑ ቀለለ፤ ዕድሜያቸው ግን ካልታከሙት አልረዘመም። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እንደ ወንድሜ ልባቸው የደከመባቸው 469 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ገሚሱ ሰርትራሊን የሚባለውን የድባቴ ኪኒን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን ወሰዱ። ሁለቱንም ወገኖች ነርሶች እየተከታተሉ ያነጋግሯቸውና ያበረታቷቸው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። መድኃኒቱ ልብን አልጎዳም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እኔን ግን ያስገረመኝ ሌላው ነው። መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን የወሰዱት ሰዎች ለምን ተሻላቸው? ጥናቱ ይህን ለይቶ አያሳይም፤ እኔ ግን በየጊዜው የሚጠይቃቸው ሰው ማግኘታቸው ድርሻ ያለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናትም ልባቸው ለደከመባቸው ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲመረምሩና ቀናቸውን እንደገና እንዲሠሩ የሚያደርግ የንግግር ሕክምና ድባቴን እንደሚያቀል አሳይቷል።

ታዲያ ዕድሜ የማያስረዝም ከሆነ ሐዘንን ማከም ለምን ያስፈልጋል? አንድ የመስጂዳችን ሰው ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ይህን ከሁሉ ቀድመን የምንናገረው እኛ ነን። ታዲያ የሕክምናን ዋጋ በዕድሜ ብቻ ለምን እንለካለን? የሰው ልጅ ሥቃይ በራሱ ሊቀልለት የሚገባ ነገር ነው፤ ሰውየው ነገ ቢሞት እንኳ ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ መተኛቱ ዋጋ አለው። የተልቢናው ሐዲስም ከሐዘን ከፊሉን ነው የሚለው። ሁሉንም አላለም፤ ዕድሜ ይጨምራልም አላለም። ያች «ከፊሉን» ለኔ ብዙ ነገር አስተማረችኝ። እኔ ከወንድሜ የጠየቅኩት ሐዘኑን በሙሉ ባንድ ጊዜ ጥሎ እንዲነሣ ነበር።

መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይያዝ። ለድባቴ የሚሰጡ ኪኒኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ርካሽና የታወቀ ቢሆንም የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ለልብ ሕመምተኛ አይመረጥም። ሰርትራሊን የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሰው ሠራሽ የልብ በር ገብቶለት የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የመድማት ሥጋት ስለሚጨምርበት ክትትሉ ይጠብቃል። (ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ጎመኑም ይታሰብበታል፤ ከእኛ አገር ማዕድ ጎመን አይጠፋምና፣ አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላውን ሳምንት ከመተው መጠኑን አንድ ማድረግ ይሻላል።) ስለዚህ የልብ ኪኒኑን ሁሉ በላስቲክ ይዞ ሄዶ ለባለሙያው ያሳይ። የድባቴ ኪኒን ደግሞ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ምንም አልሠራልኝ» ብሎ የሚጥለው ሊሠራ ሲል ነው። ሲሻለውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባንድ ጊዜ አያቋርጥ።

ባለሙያው ከየት ይገኛል ለሚል፣ ድሮ አዲስ አበባ ብቻ ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም። በሆሳዕናና በአዲስ አበባ መካከል ባለው በሶዶ ወረዳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ድባቴን ለይተው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። በሌሎች ቦታዎችም እንዲህ ያለ ሥልጠና ያገኙ አሉ፤ በየሆስፒታሉም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየተመደቡ ነው። በነገራችን ላይ ሆሳዕና ያለው ትልቁ ሆስፒታል የተሰየመው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ነው። የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበረች። የሙስሊም ልጅ ስም በተጻፈበት በር ለመግባት የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

እስካሁን ስለ ሽማግሌዎች ስናገር ቆየሁ። በአገራችን ግን የልብ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት መገጣጠሚያን ያሳምምና የልብን በሮች አበላሽቶ ያልፋል። ልጁ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋ ለዓመታት ይኖራል። በሩ በጣም ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የሕፃናት የልብ መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉን እስኪከፍት ድረስ ልጆች ለዚህ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ማዕከሉ ብዙዎችን አድኗል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ተራ መጠበቅ ራሱ ሕመም ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እናት ትደነግጣለች። ልጁ የወላጆቹን ፊት እያነበበ ያድጋል።

ከተማሪዎቼ መካከል እንዲህ ያለች ልጅ ነበረችኝ። ቁርኣኗ የተስተካከለ፣ ጨዋ። ለአካለ መጠን ስትደርስ ሐኪሙ እርግዝና ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት ለእናቷ ነገራት። እናት ለልጅቷ ደበቀች። ልጅቷ ግን ከበር ኋላ ሰምታ ኖሯል። አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱም እየተዋወቁ ተደባበቁ። ልጅቷ ከስታ፣ ከጓደኞቿ ርቃ፣ ትምህርቷን ትታ ቁጭ አለች፤ የሰፈሩ ሰው «ዐይን ነው» አለ። በመጨረሻ ሁለቱ ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ ነው ልጅቷ እህል የቀመሰችው። መደበቅ እዝነት ይመስላል። ሕመምተኛው ግን አይታለልም፤ ብቻውን እንዲፈራ ነው የሚተወው። አዋቂም ሆነ ልጅ፣ ስለ ልቡ ሊረዳው በሚችለው ቃል እውነቱ ይነገረው፤ ምን ሊበላ፣ ምን ያህል ሊራመድ፣ የትኛው ምልክት እንደሚያሰጋ የትኛው እንደማያሰጋ ይወቅ። ከማያውቁት ነገር የሚመጣ ፍርሃት ልክ የለውም።

ስለ ሞት ምኞትም ዝም ብዬ አላልፍም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደረሰብን ጉዳት ምክንያት ሞትን እንዳንመኝ ከልክለውናል። ነገር ግን በዚያው ሐዲስ፣ የግድ ከሆነበት ሰው፣ ሕይወት ለርሱ መልካም እስከሆነች ድረስ እንዲያኖረው፣ ሞት መልካም ሲሆንለትም እንዲወስደው አላህን ይለምን ብለዋል። የግድ የሚሆንበት ሰው እንዳለ አውቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከቤተሰብህ አንዱ «ብሞት ይሻለኛል» ቢልህ አስተግፊሩላህ በል ብለህ አፉን አትዝጋው። አጠገቡ ተቀመጥና አስጨርሰው፤ ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነም ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርለትም። ብቻውን አትተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰደው።

ዝንጅብላችን በ2004 ዓ.ል. ገደማ በአጠውልግ በሽታ ማሳው ሙሉ ሲደርቅ ዱዓእ አድርገናል፤ የግብርና ባለሙያም ጠርተናል። ሁለቱን ማድረግ ተወኩልን ያጎድላል ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ወንድሜም ለዘሩ ሲል ባለሙያ ፍለጋ አረካ ድረስ ሄዶ ነበር። ለራሱ ግን ማን ሄደለት?

አሁን ይወስዳል ኪኒኑን፤ የልቡንም፣ የድባቴውንም። በመጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ከአንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ኪኒኑ የተጨመረው እንቅልፉ አልመለስ ሲልና ያ የሌሊት ሐሳብ አልለቅ ሲለው ነው። ነርሷ ያዘዘችው የመጀመሪያው ነገር ከቤቱ እስከ ጎረቤት ሱቅ ድረስ እንዲራመድ ነበር። ከዚያ እስከ መስጂዱ። ዛሬ ወደ መስጂድ የሚመጣው ሁለት ቦታ እያረፈ ነው። ባለሱቁ አግዳሚ ወንበሩን ለርሱ ብሎ ወደ ደጅ አውጥቶታል፤ ሙስሊም አይደለም ባለሱቁ፣ ግን ሰዓቱን ያውቃል፣ ሲዘገይበትም ልጅ ይልካል። ረመዳንን ሐኪሙ ስለከለከለው አይጾምም፤ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። መጀመሪያ ይህም ያስለቅሰው ነበር።

ድኗል አልልም። ልቡ ደካማ ነው፤ ክፉ ሌሊቶችም አሉ። በእንዲያ ያለ ሌሊት የበሩን መቀርቀሪያ ድምፅ ስሰማ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ባለቤቱ አጥሚት ታሞቃለች። እርሱ በሩ ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። ብዙ አናወራም። ጣቱን አንገቱ ሥር ሲያደርግ ካየሁ «ስንት ደረሰ?» እለዋለሁ፤ ይነግረኛል፤ አንዳንዴም ቁጥሩን አሳስቶብኝ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ባለፈው ጊዜ በእንዲያ ያለ ሌሊት ዐፍው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስለ ኢማንህ የተናገርኩትን ነገር ዐፍው በለኝ» አልኩት።

አጥሚቱን ፉት ብሎ «የቱን ነገር?» አለኝ።

ረስቶት ይሁን ወይም ሊያሳርፈኝ ፈልጎ፣ ፊቱ በጨለማው ውስጥ አልታየኝም።